ቶርላይቭ አእምሮውን እንዳልሳተ የሚመሰክር አንድ ገጽ

ለክቡር አቶ ሩነ ብራትላንድ
የስኩልዳል ሸለቆ ኤሌክትሪክ አክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በሞቀ ክፍል ውስጥ እንደሚያገኝዎ አልጠራጠርም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ በደረሰበት ቀን በአውቶቡስ ሳልፍ የቢሮዎ መስኮት ተከፍቶ አይቻለሁና፣ በጥር ወር መስኮት የሚከፍት ሰው ሙቀት የተረፈው መሆን አለበት።

እኔ ቦርግሂልድ ኤይክረም እባላለሁ። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። በሸለቆአችን የወተት ማኅበር ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ገበሬዎች የሚያመጡትን ወተት የስብ መጠን ስለካ ኖሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት በልኬቴ ላይ የቀረበው አቤቱታ ሁለት ብቻ ሲሆን ሁለቱም ተመርምረው ውድቅ ሆነዋል። ይህን የምገልጽልዎ ልኩራራብዎ ብዬ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የሰፈረውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ያረጋገጥኩ መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነው። ሳላረጋግጥ ያለፍኩት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱን በተራ ቁጥር አምስት ላይ እናዘዛለሁ።

ጉዳዩን በጋዜጣ ማውጣቴ ቅር እንዳያሰኝዎ እለምናለሁ። ቀደም ሲል ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሦስት ደብዳቤዎች ለእርስዎ ብቻ ልኬ ነበር፤ ሦስቱም ጊዜ፣ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ፣ «ስለ ጠቃሚ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደርሶኛል። አራት ገጽ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ አንብቦ፣ አሰላስሎ፣ ከልቡ የሚያመሰግን መሥሪያ ቤት በዘመኔ አላየሁም። እንዲህ ያለውን ፍጥነት እኔ ብቻ ማየቴ ንፉግነት መስሎ ስለተሰማኝ ለሸለቆው ሕዝብ ላካፍለው ወሰንኩ።

ጉዳዩ የጎረቤቴ የቶርላይቭ ሃውግዮርድ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ኦስታ ባለፈው መስከረም ሞታለች። የፊታችን ሐሙስ የማዘጋጃ ቤታችን የአረጋውያን ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ቶርላይቭ በቤቱ መኖሩን ይቀጥል ወይስ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይወሰድ የሚለውን ይወስናል። እሱ ተወልዶ ያደገበትን፣ አግብቶ ሚስቱን የሸኘበትን ቤት ለቆ መሄድ አይፈልግም። ኮሚቴው የሚመለከተው ሪፖርት ግን አእምሮው እየደከመ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶችን ዘርዝሮ ይዟል። ሪፖርቱን ቶርላይቭ ራሱ አስነብቦኛል። እያንዳንዱን ምልክት ከማኅበርዎ ትእዛዝ ጋር ሳስተያየው የሚከተለውን አገኘሁ።

አንደኛ። ሪፖርቱ «ቤታቸው ውስጥ የእንጨት ምድጃ የለም፤ የጭስ ማውጫውም ተደፍኗል» ይላል፤ እንዲህ ባለ አገር ምድጃ የሌለው ሰው ያልተጠነቀቀ ሰው ነው ለማለት። እውነት ነው፣ የለውም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ግድብ በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ከማኅበርዎ ሁለት ሰዎች ከረባት አስረው ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የጭስ ማውጫውን ለደፈነ አባወራ ሁሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በነፃ ይሰጡ ነበር። «ውሃው የራሳችሁ፣ ሙቀቱም የራሳችሁ፤ ከእንግዲህ እንጨት መፍለጥ ለምኔ በሉ» ይሉ እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቶርላይቭ አባት ከግድቡ ውሃ ሥር የቀረውን ታችኛውን መስካቸውን ቀደም ብለው ሰጥተው ስለነበር፣ በዚህም አመኑና ምድጃቸውን አፈረሱ። የእኔ አባት ግን ከረባት ያሰረ ሰው ሁሉ የማይጥማቸው ነገረኛ ነበሩና አባረሯቸው። እኔ ዛሬ የምሞቀው በአባቴ ነገረኛነት ነው፤ ቶርላይቭ የሚበርደው በአባቱ ጨዋነት ነው።

ሁለተኛ። የኤሌክትሪክ ዋጋ በየሰዓቱ መቀያየር የጀመረ ጊዜ፣ ስህተት የተፈጠረ መስሎኝ ወደ ማኅበርዎ ስልክ ደውዬ ነበር። ግድቡ ሞልቶ በአፉ ይፈስ ነበር፤ ከግድቡ የሚወርደው ፏፏቴ ከወጥ ቤቴ መስኮት ስለሚታይ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልገኝም። ያነጋገረኝ ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ላሳደጉት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

«እናቴ፣ ዋጋውን እኛ አይደለንም የምንወስነው፤ ገበያው ነው» አለኝ።

«ታዲያ የገበያውን ስልክ ስጠኝ» አልኩት።

«ገበያው ስልክ የለውም።»

«አድራሻስ?»

«እሱም የለውም፣ እናቴ። በሰሜን ባሕር ላይ ነፋስ ስለቆመ ነው። ባሕር ማዶ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት በነፋስ ነው፤ ነፋስ ሲያጡ ከእኛ ይገዛሉ፣ ያን ጊዜ እዚህም ይወደዳል።»

«ነፋስ ሲበዛላቸውስ?»

«ያን ጊዜማ ይረክሳል። ሲነፍስ ይጠቀሙ።»

ስለዚህ እኔ በተራሮች መካከል ተወልጄ ባሕር ሁለት ጊዜ ብቻ ያየሁ ሴት፣ ድንች ከመቀቀሌ በፊት በማላውቀው ባሕር ላይ ይነፍስ እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ። በእርጅናዬ አዲስ ዕውቀት ስላስገበዩኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ባለፈው ኅዳር ማኅበርዎ ለየቤቱ አንድ ባለቀለም ቡክሌት ልኳል። በሽፋኑ ላይ እጅጌ ጉርድ ቀሚስ የለበሰች ፈገግተኛ ሴት አለች፤ ፎቶውን በብርድ ጊዜ የተነሳች እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ርዕሱ «የክረምት ደቦ» ይላል። ውስጡም «ፍጆታዎን ወደ ርካሽ ሰዓታት ያዛውሩ፣ የማይጠቀሙበትን መብራት ያጥፉ፣ ሥራ ፈትተው ኤሌክትሪክ የሚበሉ ዕቃዎችን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ከቀነስን ለሁላችንም ይበቃል» ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል የመረጠልዎ ሰው በከተማ ያደገ መሆን አለበት። በሸለቆአችን ደቦ ማስታወቂያ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የተሠራው፣ የመቃብሩ አጥር የታጠረው፣ የታመመ ሰው ድርቆሽ የሚሰበሰበው በደቦ ነው። ደቦ ተጠርቶ የቀረ ሰው አይወቀስም፤ ስሙ ብቻ አይነሳም፣ ይህም ከወቀሳ ይብሳል። ቶርላይቭ በሕይወቱ ከደቦ የቀረው አንድ ቀን ነው፤ ያም ቀን የገዛ ሠርጉ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መጥቷል ይላሉ። እናም ቡክሌቱን ያነበበው እንደ ማስታወቂያ ሳይሆን እንደ ጥሪ ነው።

ሪፖርቱ «ትኩስ ምግብ የሚበሉት ጎህ ሳይቀድ ነው» ይላል። ዋጋው የሚረክሰው ያን ጊዜ ነው። «በጨለማ ይቀመጣሉ» ይላል። የቡክሌቱ ገጽ ሦስት፣ ሁለተኛው ምክር። «ሬዲዮናቸውን ነቅለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል» ይላል። ገጽ አምስት። «በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትርጉማቸው የማይታወቅ ቁጥሮች የተጻፉባቸው ከሠላሳ የሚበልጡ ወረቀቶች ለጥፈዋል» ይላል። የእነዚያ ቁጥሮች ትርጉም ይታወቃል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። ቶርላይቭ ዋጋ የሚያሳይ ስልክ ስለሌለው፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የነገው ዋጋ ሲወጣ እኔ ከእህቴ ልጅ በተሰጠኝ ስልክ እያየሁ፣ ማሞቂያ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት በወረቀት ጽፌ እወስድለት ነበር። ቁጥሮቼ ጥርት ያሉ ናቸው፤ «የማይታወቅ» መባላቸው ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

አራተኛ። ከላይ በጠቀስኩት ብርዳማ ቀን፣ በእኔ ወረቀት መሠረት ርካሹ ሰዓት የሚጀምረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እኔ የነገውን ወረቀት ይዤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቶርላይቭ ካፖርቱን፣ ባርኔጣውንና የሱፍ ጓንቱን አድርጎ፣ የኦስታን ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ በወጥ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የቤቱ ሙቀት ዘጠኝ ዲግሪ ነበር፤ ራሴ አንብቤዋለሁ።

«ቶርላይቭ፣ ማሞቂያው ጠፍቷል እኮ!» አልኩት።

«አውቃለሁ። ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ሰዓቱ ነዋ። አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

«ሰውዬ፣ ከንፈርህ ጠቁሯል! ተነስ፣ እኔ ቤት እንሂድ።»

«ተይ እንጂ ቦርግሂልድ። ደቦ ላይ ሌላው ሲሠራ አንዱ አይቀመጥም» አለኝ፤ ምላሱ ተሳስሮ ቃሉ በግድ ነበር የሚወጣው። ቀጥሎም «አንቺስ ብትሆኚ አጥፍተሽ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምድጃዬ ከጠዋት ጀምሮ እየነደደ ነበር። ሸለቆው በሙሉ፣ ምድጃ ያለው በምድጃው፣ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ እየሞቀ፣ ማኅበርዎ በጠራው ደቦ ላይ የተገኘው አንድ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ብቻ መሆኑን እንዴት አድርጌ ልንገረው? አምቡላንስ ጠራሁ። አራት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ተመለሰ፤ ከእሱም ጋር ሪፖርቱ መጣ።

አምስተኛ። ይህ የኑዛዜው ቁጥር ነው። ሪፖርቱ «ሰዓት ለይተው አያውቁም» ይላል። የማዘጋጃ ቤቷ ነርስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ ሰባት ሰዓት ነው አላት፤ ስድስት ነበር። እኔም አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፤ የእጄ ሰዓት አሥር ተኩል ሲል የግድግዳው አሥራ አንድ ተኩል ይላል።

እኛ በበጋ መግቢያ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በጥቅምት ደግሞ አንድ ሰዓት ወደኋላ የምናዞር ሕዝብ ነን። በሃውግዮርድ ቤት ይህ የኦስታ ሥራ ነበር፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ወጥታ የምታዞረው እሷ ነበረች። በመስከረም ሞተች። በጥቅምት ማንም ወንበር ላይ አልወጣም። ሬዲዮው ደግሞ በእናንተ ምክር ቁም ሣጥን ገብቷል፤ የሚያርመው ድምፅ አልነበረም። ስለዚህ ርካሹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል ብዬ ስጽፍለት፣ እሱ ክረምቱን በሙሉ በሁለት ሰዓት፣ ገና ውድ ሳለ ያበራ ነበር፤ ጠዋት አጥፋ ባልኩት ጊዜም አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ገና ርካሽ ሳለ ያጠፋ ነበር። በብርዱም ተቀጣ፣ በዋጋውም ተቀጣ። እኔ፣ የወተትን ስብ በነጥብ ስለካ የኖርኩት ሴት፣ በየቀኑ ከዚያ ሰዓት ሥር ቆሜ ቁጥሮቼን ለጥፌ ወጥቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም። ይህን ጥፋት ከማኅበርዎ ጋር እኩል እካፈላለሁ። እናንተ የበለጠ ድርሻ እንድትወስዱ አልጠይቅም፤ የበለጠ መውሰድ የምታውቁበት በሌላ መንገድ ነውና።

ስድስተኛ። ነርሷ ሲልዬ ትባላለች። ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ አትጮህም። ሪፖርቱን ይዤ ሄጄ ነበር።

«እማማ ቦርግሂልድ፣ እኔ እኮ ክፉ አይደለሁም» አለችኝ። «ግን ቤታቸው ውስጥ በዘጠኝ ዲግሪ፣ ካፖርት ለብሰው ሰዓት የሚጠብቁ ሰው ተገኙ ሲሉኝ ምን ልጻፍ?»

«እውነቱን ጻፊ።»

«ቅጹ ላይ እሱን የምጽፍበት ቦታ የለም። ‹ግራ መጋባት› የሚል ሣጥን ነው ያለው፤ ወይ ምልክት አደርግበታለሁ፣ ወይ ባዶ እተወዋለሁ።»

«ባዶ ተይዋ።»

«ትቼውስ ቢሞቱ?»

ሪፖርቱን አጥፌ ተነሳሁ። ስወጣ ግን ተከትላኝ በሩ ድረስ መጣችና «ኩባንያው ራሱ አንድ ነገር ቢጽፍላቸው፣ እኛ ያልነውን ነው ያደረጉት ቢል፣ ኮሚቴው ያየው ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። ዋጋ ይቀነስ አላልኩም፤ ነፋስ እንዲያስነሱም አልጠይቅም። የእርስዎን ጊዜ ላለማባከን ቃሉን ራሴ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው የሚጎድለው፦

«ቶርላይቭ ሃውግዮርድ የተባሉት ደንበኛችን በዚህ ክረምት የፈጸሙት ሁሉ በማኅበራችን ምክር መሠረት የተፈጸመ ነው። በጨለማ የተቀመጡት፣ ሌሊት የበሉት፣ ሬዲዮናቸውን የነቀሉት፣ በብርድ የጠበቁት እኛ ባልነው መሠረት ነው። አእምሯቸው ሙሉ መሆኑን የሚያስረዳው ምክራችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የተከተሉ ብቸኛ ሰው መሆናቸው ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከከበደዎ ሊሰርዙት ይችላሉ። የቀሩት ግን እንዲቆዩ እለምናለሁ። ወረቀቱ እስከ ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ቢደርሰኝ በእጄ ለኮሚቴው አደርሰዋለሁ። ስድስት ሰዓት ስል በትክክለኛው ሰዓት ማለቴ ነው።

ለሸለቆአችን ስላበሩት ብርሃን፣ ስለ ባለቀለሙ ቡክሌት፣ ላነበቡልኝ ሦስት ደብዳቤዎችና ስለ ሰጡኝ ሦስት ፈጣን ምስጋናዎች ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅበርዎ ባለአክሲዮኖች መልካም የትርፍ ዓመት፣ ለሰሜን ባሕርም ብርቱ ነፋስ እመኛለሁ።

የማኅበርዎ ደንበኛ ከመሆን ሌላ ምርጫ ያላገኘች፣

ቦርግሂልድ ኤይክረም
ከላይኛው ስኩልዳል

ድኅረ ጽሑፍ። ይህን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት በእጄ ለቢሮዎ አስረክቤ ነበር። ጋዜጣው ቅዳሜ ስለሚወጣ የቀረውን ለመጨመር ጊዜ አገኘሁ። ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምንም አልደረሰኝም፤ በሰባትም፣ በስምንትም አልደረሰኝም። ሐሙስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ፤ ዛሬ ዓርብ ቶርላይቭን ወሰዱት። ከመሄዱ በፊት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ ማሞቂያዎቹን በየክፍሉ ከፈተና አሥራ አምስት ዲግሪ ላይ አደረጋቸው፤ ባዶ ቤት ካልሞቀ የውሃ ቧንቧው ቀዝቅዞ ይፈነዳልና ማንም እንዳይነካቸው ብሎ ወረቀት ለጠፈባቸው። ቶርላይቭ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ያየው ነበር። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚበራው?» ብሎ ጠየቀው። ሠራተኛው «ሌት ተቀን ነው፣ አባቴ» አለው። ቶርላይቭ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ መኪናው እስኪመጣ ድረስ እጁን በማሞቂያው ላይ ዘርግቶ ቆየ። አሥር ደቂቃ ያህል ይሆናል። ለእነዚያ አሥር ደቂቃዎች፣ ክቡር ሆይ፣ ማኅበርዎን ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ።